የጨፌው ውሃ ወዴት ይሄዳል?

ቡርቱካን ጉለሌ ውስጥ፣ ከሽሮ ሜዳ አስፋልት ገባ ብሎ፣ ለሸማኔዎች ክርና የክር ቀለም ትሸጥ ነበር። ወላጆቿ ከወሎ መጥተው እዚሁ የቀሩ ነጋዴዎች ናቸው። ባሏ ሳቢት ዝምተኛ ሰው ነው፤ እሷ ግን ጥያቄ አያልቅባትም። አንድ ጊዜ የሱቋ ሬዲዮ ሲበላሽ፣ ድምፁ ከየት እንደሚወጣ ለማየት ፈታትታ ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው። መልሳ መግጠም ስላልቻለች ከዚያ ወዲያ ያ ሱቅ ዜና ሰምቶ አያውቅም።

ከሱቋ ጀርባ ጨፌው ነበር። ከእንጦጦ የሚወርደው ውሃ እዚያ ሜዳ ላይ ይተኛል። ቄጤማና ደንገል ይበቅልበታል፤ ክረምቱ ሲወጣ ዝይና ምንቃረ ረጅም ወፎች ይሞሉታል። ከንጉሡ ጊዜ ጀምሮ የተከለለ ቦታ ነው፤ ማረስም ማደንም ክልክል መሆኑን የሚናገር የዛገ ቆርቆሮ ቆሞበታል። ደርግ ከገባም በኋላ የነካው አልነበረም።

በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ቶለሳ እሁድ ጠዋት ስብሰባ ጠራን። ከላይ ወደሚሠራው መጋዘን የከባድ መኪና መንገድ ሊወጣ ነው፤ ጨፌው በድንጋይና በአፈር ይደለደላል።

“ተቃውሞ ያለው አለ?” አለ።

በዚያ ዘመን እንዲህ ሲባል እጁን የሚያወጣ ሰው የለም። ግን ሁላችንም ከፍቶናል። ቧንቧ በጠፋ ቁጥር የምንቀዳው ከጨፌው በታች ካለው ምንጭ ነው፤ ሸማኔዎቹም ክራቸውን የሚያጥቡት እዚያው ነው። ምንጩ ከጨፌው ይምጣ ወይስ ከሌላ ቦታ፣ በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረም።

ቡርቱካን እጇን አወጣች።

“ትቃወሚያለሽ?” አለ ቶለሳ።

“ኧረ አልቃወምም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ጥያቄ ነው ያለኝ። ጨፌው ሲደፈን ውሃው ወዴት ይሄዳል?”

“ወደሚሄድበት ይሄዳላ!”

“እኮ፣ የሚሄደው ወዴት ነው?”

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ቶለሳ ፊቱን አጠቆረና መፈክር አስነስቶ ስብሰባውን ዘጋ።

ነገሩ ለቡርቱካን እንቅልፍ ነሣት። በጨፌው ታችኛ ጫፍ ውሃው ድንጋይ ሥር ገብቶ ይጠፋል። እዚያ ሄዳ ቁጢጥ ብላ ታያለች፤ ከዚያ ወርዳ ምንጩን ታያለች። መሐላቸው ቤትና አጥር ብቻ ነው።

“ተዪው እንግዲህ፤ ያስሩሻል” አላት ሳቢት።

“እኔ መንገድ አትሥሩ አላልኩም። ማወቅ ነው የፈለግሁት።”

“እነሱ ልዩነቱን የሚያዩ ይመስልሻል?”

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከሱቋ ሰማያዊ የክር ቀለም በጣሳ በጥብጣ ወስዳ ውሃው በሚሰርግበት ድንጋይ ሥር አፈሰሰችው። ከዚያ በፊት የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ለሆነችው ጓደኛዋ ለየዓለምወርቅ ነግራታለች፤ “አንቺ ምንጩ አጠገብ ሁኚልኝ። ከተለወጠ ማንም እንዳይቀዳ” ብላ።

እስኪመሽ ምንም አልታየም። በማግስቱ ጠዋት ግን ምንጩ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። የዓለምወርቅ እጇን ዘርግታ ሴቶቹን ብትከለክልም የሚሰማት አልተገኘም፤ አንዷ “ውሃው ተመረዘ!” ብላ ጮኸች፤ እንስራ ተሰበረ፤ የአብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃ ይዘው መጡ። ቡርቱካን እየሮጠች ደረሰች።

“እኔ ነኝ! የክር ቀለም ነው እንጂ መርዝ አይደለም!” አለች። ያላመኗት መሆኑን ስታይ በእፍኟ ቀድታ ጠጣችው። ከንፈሯ ሰማያዊ እንደሆነ ወደ ቀበሌ ወሰዷት።

ቶለሳ ራሱ መረመራት።

“ማነው የላከሽ?”

“ማንም።”

“ታዲያ ለምን አደረግሽው?”

“ማወቅ ፈልጌ።”

“ለማወቅ ብቻ?” አለ። ደጋግሞ ጠየቃት። ከድርጅት ስም ይልቅ ይሄ መልስ የበለጠ ግራ ያጋባው ይመስል ነበር። እስር ቤት አስገቧት። ሳቢት በየቀኑ ምሳ ይዞ በሩ ላይ ይቆማል፤ የሰፈሩ ሴቶችም ተራ ገብተው አብረውት ይቆሙ ጀመር።

በዚህ መሐል የመንገዱ ቀያሽ ጌቱ ሊያያት መጣ። የተማረ፣ ትሑት ወጣት ነው። ይገሥጸኛል ብላ ስትጠብቅ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

“እትዬ፣ ቀለሙን በስንት ሰዓት አፈሰሱት? በስንት ሰዓት ወጣ?”

የምታውቀውን ነገረችው። እሱም የራሱን ነገራት፤ ጨፌው ውስጥ የተከለው ችካል ሁሉ እያደር ይዘማል፤ መሬቱ መንገድ እንደማይሸከም ለአለቆቹ ሁለቴ አመልክቶ መልስ አላገኘም።

“አሁን ሰው የሚጠጣው ምንጭ ከጨፌው እንደሚመጣ የሚያሳይ ነገር ሰጡኝ” አላት።

በመስከረም ስለ መንገዱ ሌላ ስብሰባ ሲጠራ ተፈታች፤ ከቀበሌ በላይ ካለው ከከፍተኛው የመጣ ባለሥልጣን አዳራሹ ፊት ተቀምጦ ነበር። ቡርቱካን አልተናገረችም፤ እንዳትናገር ተነግሯታል። ይልቅ የዓለምወርቅ እጇን አወጣች።

“ጥያቄ አለኝ። ምንጩ ሲደርቅ ከየት እንቀዳለን?”

ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ፣ “እኔም ተቃውሞ የለኝም፤ ክራችንን የት እንጠብ?” አለ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። እኔም ጠየቅሁ። መቃወም ነው እንዳይባል ጥያቄ ነው፤ ጥያቄ ነው እንዳይባል ግን አዳራሹ ሙሉ እጅ ነው። ባለሥልጣኑ ወደ ቶለሳ ዞረ። ቶለሳም፣ “እውነቱን ለመናገር፣ የእኔም ቤት ከዚያው ነው የሚቀዳው” አለ። ጌቱ ተነሥቶ ስለ ቀለሙና ስለ ችካሎቹ አስረዳ።

በበጋው መንገዱ ተሠራ። ጨፌውን ሳይነካ በላይኛው ዳር ዞሮ አለፈ። ምንጩም እስካሁን ድረስ ይፈስሳል። ግን አዲሱ መስመር የቡርቱካንን ሱቅ ከነጓሮው ወሰደው። እሷና ሳቢት ሽሮ ሜዳ ውስጥ ከዘመድ ሱቅ ጥግ ተለቀቀላቸውና ክራቸውን እንደገና ደረደሩ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሱቋ ጣሪያ ቆርቆሮ ሲነሣ ያየችው እየመጣባት ታለቅስ ነበር።

ቶለሳ ከሊቀመንበርነቱ ከተነሣ በኋላ አንድ ቀን ከዘመዳቸው ሱቅ ጋቢ ሊገዛ መጥቶ አገኘችው። ሰላምታውን እንኳን ሳትጨርስ፣

“ሱቄን የመረጡት እርስዎ ነዎት ወይስ መሬቱ?” አለችው።

“መሬቱ ነው” አላት። “ግን ካርታውን ሳይ አልከፋኝም። ብዙ አስቸግረሽኝ ነበር።”

ቡርቱካን ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። አመነችው፤ ወንበር ሰጥታ አስቀመጠችውና፣ ያን ቀን አዳራሽ ውስጥ አፉን ምን እንዳስከፈተው ትጠይቀው ጀመር።