ለበረዶው ሰውዬ የፈሰሰ እንባ

የከባድ መኪና ሾፌር ነው። አፉን በግድ ስለሚከፍት ጓደኞቹ «ቁልፉ» ይሉታል። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ግን ለሁለቱም የሚበቃ ጨዋታ አላት።

አንድ እሑድ ከሰዓት የሚስቱ ታናሽ እህት ሲኒማ ጋበዘቻቸው። ፊልሙ አውሮፕላኑ በረዷማ ተራራ ላይ ወድቆ ብቻውን ስለተረፈ ሰው ነበር። ቁልፉ ሊያንቀላፋ ነበር የገባው፤ ሆኖም ዓይኑን መንቀል አቃተው። ጎህ ሲቀድ የተራራው ጫፍ እንደ ፍም ይቀላል፤ ከበረዶው ሥር ያለው ውሃ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ሰውየው በተሰነጠቀ ከንፈሩ በረዶ ሲልስ ቁልፉም የራሱን ከንፈር ላሰ። ጥሙን ያውቀዋላ።

ዞር ሲል ሚስቱ የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ትንሰቀሰቃለች። «አይዞህ የኔ ጌታ» ትለዋለች የስክሪኑን ሰውዬ። ይሄኔ ቁልፉ ፊልሙን ትቶ እሷን ያይ ጀመር።

እሱም ከዓመታት በፊት መኪናው በረሃ ላይ ተበላሽቶበት፣ ሊሞት ሲል ነበር መንገድ የሳተ ሾፌር ያገኘው። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ «ምነው ቆየህ?» አለችው፤ እራት አቅርባም ወደ ስፌቷ ተመለሰች። አንዲት ዘለላ እንባ አልወረደችም። ፊቱን ተቀብቶ ለሚተውን ሰው ግን ጎርፍ!

በጎረቤት ቢቀና ወግ ነበር፤ በፊልም ሰው መቅናት ግን ለማን ይነገራል? እሷ ደግሞ የፊልሙን ወሬ አልተወችም። የደንበኛ ወገብ በለካች ቁጥር የሰውየውን ዓይን፣ የሰውየውን ጽናት ታወራለች። ቁልፉ በሩ ላይ ተቀምጦ ይሰማል፣ ይበግናል።

አንድ ቀን ደንበኛዋን ሸኝታ ስትመለስ ነገሩ ከየት እንደመጣ ሳያውቀው ከአፉ ወጣ። «ለእኔ አላለቀስሽም።»

«መቼ?»

«በረሃው ላይ የቀረሁ ጊዜ።»

«መኪናው ተበላሸ ነው ያልከኝ። ሌላ ምን አልከኝ?»

እውነቷን ነው፤ ሌላ አላላትም። ያኔ ነገራት። ከመኪናው ሥር ተጋድሞ የራዲያተሩን የዛገ ውሃ እንደጠጣ፣ እሱም ሲያልቅ ንጋት ላይ ብረቱ ላይ ያረፈውን ጤዛ እንደላሰ፣ ስሟን እየደጋገመ እንደተጣራ ነገራት። የእሱ ጎህ እንደ ፊልሙ አላማረም፤ ፀሐይ ይዞበት ስለሚመጣ ይጠላው ነበር።

እንባዋን ጠበቀ። እሷ ግን ፊቷ አመድ መሰለ፤ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «ሞተህ ተነስተህ ነው አጠገቤ ስትተኛ የኖርከው? አንድ ቃል ሳትነግረኝ?»

ያቺ ወሬኛ ሴት ሳምንቱን ሙሉ ዘጋችው። እህቷ ልታስታርቅ ብትመጣም በጄ አላለችም። ቁልፉ ግን ያን ኩርፊያ በልቡ ወደደው፤ የበረዶውን ሰውዬ አንዴም አላኮረፈችውማ።

ስትታረቀው ለጉዞው ትልቁን ጄሪካን ራሷ ሞልታ ጫነችለት። ለደንበኞቿም የባሏን በረሃ መተረክ ጀመረች፤ ጅብ ጨምራበት። ቁልፉ ጅብ እንዳላየ አልተናገረም።

ከርሞ እህቷ ያው ተዋናይ የሠራውን አዲስ ፊልም እንይ ብላ መጣች። ሚስቱ ሻርፗን ስታነሳ አየና፣ የሚጫን ዕቃ ሳይኖረው፣ «ነገ በሌሊት ጉዞ አለብኝ፤ ስንቄን ማን ያሰናዳልኝ?» አለ።