እትዬ የሻረግ ያልከፈቱት በር

እትዬ የሻረግ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ሻይ ቤት ያላቸው ጎረቤቴ ናቸው። ሰው የሚባል አይፈሩም፤ የውሃ ተራ ያጭበረበረ ጎረምሳ በጥፊ ሲያጮሉ በዓይኔ አይቻለሁ። የሚፈሩት ዞምቢ ነው። ፈርተው ደግሞ አይተዉትም! ሙታን ተነስተው ሰው የሚበሉበትን ያንን ተከታታይ ፊልም፣ ፊት ለፊታቸው ብቻዋን ከምትኖረው ከሲምረት ጋር ተቃቅፈው ያዩታል።

የዚያ ዕለት ማታው ክፍል የባሰ ነበር አሉ። አንዲት እናት ከነልጇ ቤት ውስጥ ተዘግቶባት፣ ሙታኑ በሯ ላይ ተኮልኩለው ያላዝናሉ። ፊልሙ ሲያልቅ ሲምረት ኮሪደሩን ተሻግሬ አልሄድም ብላ፣ ባትሪው ያለቀ ስልኳን እንደያዘች ሶፋው ላይ አደረች። እትዬ የሻረግን እንቅልፍ የነሳቸው ግን ሌላ ነው። ከባድ መኪና የሚነዳው አንድ ልጃቸው ጋሻው ከትናንት ጀምሮ ስልኩ አይሠራም።

ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። በቀዳዳው ቢያጮልቁ ኮሪደሩ በሰው ሞልቷል፤ ጋቢ የለበሱ ወንዶች፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ከፊት የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ኃይለመለኮት። እኔም ከኋላ ቆሜያለሁ። በማለዳ እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ሰው መርዶ ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም፤ እሳቸው ራሳቸው የስንቱን በር እንዲህ አንኳኩተዋል።

«እትዬ የሻረግ፣ ይክፈቱልን» አሉ አቶ ኃይለመለኮት፣ ቀስ ብለው።

«አልከፍትም!»

«ግድ የለም፣ ይክፈቱ።»

«አልከፍትም አልኩ! ልጄ ደህና ነው! ሂዱልኝ!»

ኋላ እንደነገሩኝ፣ በሩን በጀርባቸው ደግፈው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ካልከፈቱ ጋሻው አልሞተም። መውጫ እንዳይፈልጉ አራተኛ ፎቅ ነው፣ መስኮቱም የብረት ፍርግርግ አለው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ፤ ይህ አባባል ብቻ በጭንቅላታቸው ይዞር ነበር።

ከውስጥ የሲምረት ድምፅ ተሰማ። «አይዞዎት እትዬ፣ ይነሱ። እኔ ከፍቼ እሰማልዎታለሁ።»

እኛ ውጭ ደርቀን ቀረን። የመጣነው ለእሷ ነበር! ሌሊት ከመቀሌ ዘመዶቿ ለአቶ ኃይለመለኮት ደውለው አባቷ ማረፋቸውን ነግረዋቸዋል። ሐዘንተኛ የሚይዝ የቅርብ ሰው ያስፈልጋልና፣ የሲምረትን በር ከማንኳኳታችን በፊት እትዬ የሻረግን ልንወስድ ነው የቆምነው። እዚያ ማደሯን ማን ያውቃል?

ሲምረት እሳቸውን በአንድ እጇ ደግፋ በሩን ከፈተች።

«ንገሩኝ» አለች ደፈር ብላ። «ጋሻው ምን ሆነ?»

አቶ ኃይለመለኮት አቀረቀሩ። «ጋሻው አይደለም ልጄ። አባትሽ… አቶ ኣረጋዊ ናቸው።»

«ተመስገን!» የሚል ቃል ከእትዬ የሻረግ አፍ አመለጠ። ወዲያው አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሁላችንም ሰምተናል፤ ሲምረትም ሰምታለች።