የአውሮፕላኗ ጭራና የጉታ እጅ

ባሌ ኤርጫፎ ሠላሳ ዓመት አውሮፕላን ማረፊያ ጭነት ሲጭንና ሲያወርድ ኖሮ ጡረታ ወጣ። አርፎ ቢቀመጥ ምን ነበረበት? ልጃችን ፌቨን ከአዲስ አበባ በካርቶን የታሸገ ትንሽ የፕላስቲክ አውሮፕላን ላከችለት፤ ክንፉ ለብቻ፣ ጎማው ለብቻ፣ ሁሉም የሚገጣጠም። ከዚያ ወዲህ የምበላበት ጠረጴዛ የለኝም። የማጣበቂያው ሽታ ራስ ያዞራል፣ የሚፍቀው ፕላስቲክ ወጤ ላይ ይበናል። ቤቴ አስጠላኝ።

የሚለፋው ለጉታ ነው። ጉታ የሥራ ጓደኛው ነበር። የዚህች አምሳያ የሆነችው የዚያን ጊዜዋ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ከኋላ በኩል ስትጫን አፍንጫዋ ብድግ ይላል፤ ጭራዋን በትከሻው ደግፎ የሚይዘው ጉታ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ግላኮማ ዓይኑን ወሰደው። «አንድ ጊዜ በእጄ ብዳስሳት» ቢለው፣ ኤርጫፎ ለእሁድ ቃል ገባለት።

ሐሙስ ዕለት ገጥሞ ሲያቆማት በቂጧ ቁጭ አለች። አፍንጫዋ ውስጥ ክብደት ሳይከት አጣብቆት ኖሯል። ያን ሁሉ ዘመን ጭነት የጫነ ሰው! በምላጭ ሰነጠቃትና ጫሞ ሐይቅ ወርዶ ዓሣ አጥማጆቹ መረብ የሚያሰምጡበትን የእርሳስ ብረት ይዞ መጣ። ያልታጠበ፣ ቅርፊትና አንጀት የተጣበቀበት። እንዳለ ከተተና ዘጋው። በሰፈራችን በሲቀላ ሙቀት በማግስቱ ቤቱ ገማ። ዝንብ ወረራት።

«ይሄን ቆሻሻ ጣልና ጎማዋን ጣውላ ላይ አጣብቃት፤ ማን ያየዋል?» አልኩት።

«ጉታ።»

«ጉታ ዓይነ ስውር አይደል እንዴ?»

ምራቁን የተፋብኝ ያህል አየኝ።

እሁድ ጉታን ሊያመጣ ሲወጣ ምላጩን አነሳሁ። እርሳሱን አውጥቼ በፌስታል ጠቅልዬ አጥር ጥግ ወረወርኩት፤ አፍንጫዋን መልሼ ዘጋሁ፣ ጎማዎቿን ጣውላ ላይ አጣበቅኩ። ቀጥ ብላ ቆመች። ምን ልዋሽ፣ ኮራሁ።

ኤርጫፎ በሩ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ጉታ ጠረጴዛው ጋ ደርሷል። ጣቶቹ ክንፏን፣ ሞተሮቿን፣ መስኮቶቿን ዳሰሱ። ፊቱ በራ። ጭራዋ ጋ ሲደርስ ወደ ታች ጫን አደረጋት። ንቅንቅ አላለችም፤ አፍንጫዋ እንደ ድሮው ብድግ አላለም። ደግሞ ጫናት። ከዚያ እጁ ወርዶ ጣውላውንና የደረቀውን ማጣበቂያ አገኘ።

«ቆንጆ ናት፣ ወንድሜ» አለና እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበ። ለቅሶ ቤት እንደሚያጽናና ሰው ነበር ድምፁ።

ኤርጫፎ ጣውላውን አየ፣ እኔን አየ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ እርሳስ ይልቅ ራሴን ተጸየፍኩ።

አጥሩ ጋ ሄጄ ፌስታሉን ፈታሁ። አፍንጫዬን አልያዝኩም። እርሳሶቹን አንድ በአንድ በሎሚና በሳሙና አሽቼ አጠብኳቸው፤ ግማቱ ጥፍሬ ሥር ገባ። አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኳቸውና ጎማዎቿን ከጣውላው እንዲያላቅቅ ምላጩን ለኤርጫፎ ሰጠሁት።

«ጉታ» አልኩት፣ «ጭራዋን ያዝልን፤ አፍንጫዋን ልንከፍት ነው።»