መስታወቱ ፊት ማን ይጉረስ

«ስበሪው አላልንሽም። መጋረጃ አድርጊበት ነው ያልንሽ» አሉ ሽማግሌው።

«ጋሼ፣ በመጋረጃ ልሸፍነው ኖሮ መስታወት ለምን አስመጣሁ? ጭቃው ምን በደለኝ?» አለች እህቴ።

ሽማግሌው የአባቴ የማኅበር ጓደኛ ናቸው። ሊያስታርቁን መጥተው ከተቀመጡ ቆይተዋል፤ ማን ከማን እንደተጣላ ግን ገና አልነገሩንም። አባቴ አጠገባቸው ሆነው፣ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው፣ የኋላውን ግድግዳ ያያሉ። መኖሪያቸው ሌላ ቢሆንም ይህ ቤት የእሳቸው ነው። እናታችን ምግብ ቤት አድርጋው ኖረች፤ እሷ ስታርፍ እህቴ ደብረ ብርሃን የሆቴል ሥራዋን ትታ መጣችና ተረከበችው። ከዚያ ያመጣችውን ጥሪት ሁሉ በመንገድ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ አዋለችው። ጭቃው ፈረሰ፤ ከወለል እስከ ጣሪያ በአሉሚኒየም የተያዘ መስታወት ቆመ። ሰው አልገባ ሲል ግን አባቴ ለጥምቀት ጭቃውን መልሼ አስመርጋለሁ ብለው ቆረጡ። ጭቃው ከተመለሰ እህቴም ወደ ሰው ሆቴል፣ ወደ ሰው ሳህን አጠባ መመለሷ ነው።

እኔ በመሐል ጣልቃ ገብቼ፣ መስታወት የቤት ዓይን ነው፣ ዓይን በጨርቅ የሚሸፈነው ሲታመም ነው አልኩ። ሽማግሌው ቅኔ ቤት ሳልገባ ባለቅኔ ልሁን ማለቴን ከድሮም አይወዱትም። ለእህቴ መልስ መስጠቱን ትተው ወደ እኔ ዞሩና፣ «ተው አንተ፣ ሰው ሲበላ ዓይን ይበቃዋል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ዓይን በዝቶ ነበር።

መስታወቱ በአይሱዙ፣ በጭድ ተደግፎ መጥቶ የቆመ ዕለት ገበያ ነበር። ከቀየት የመጣ አንድ አውራ በግ መስታወቱ ውስጥ ሌላ አውራ ቆሞ ቢያይ ወደ ኋላ አፈገፈገና ተንደረደረ። ባለቤቱ ቀንዱን ይዞ ባያስቀረው የከተማችን ዘመናዊነት አንድ ቀን እንኳ ሳያድር በቀረ። በጉ ግን አቋሙን ፊት ለፊት በመግለጹ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ። ሌላው ሰው እንደሱ ግልጽ አልነበረም። ከማዘጋጃ ቤት የመጣው ሰውዬ «ለከተማችን ገጽታ» ብሎ እህቴን አመሰገናት፣ ከውጭ ቆሞ ፎቶ ተነሣ፣ ምሳውን ግን እዚያ ማዶ ካለው ጨለማ ቤት ሄዶ በላ። ሴቶች ነጠላቸውን ያስተካክሉበታል። ጎረምሳው ጥርሱን ይመረምርበታል፤ ውስጥ የተቀመጠው እንግዳም ሽሮውን እያጠቀሰ የሰው ድድ ያያል። አንዲት አሮጊት በብርድ አገር ግድግዳ አውልቆ መቀመጥ ምን ይሉታል ብለው አማተቡ። እኔም የድርሻዬን ለማዋጣት መስታወቱ ላይ የሚጻፍ ዐሥራ ሁለት ስንኝ ገጥሜ አመጣሁ። እህቴ እስከ መጨረሻው አነበበችና «ምግብ ቤት» ብላ አጻፈችበት።

እኛ አገር ሰው ሲበላ ይከለላል። ሜዳ ላይ የሚጎርስ ሰው ካለ ባልንጀራው ጋቢውን ዘርግቶ ከዓይን ይጋርደዋል፤ ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። እህቴ ታውቀዋለች፤ ደብረ ብርሃን ስትኖር ረሳችው። እሷ ብትረሳው ደንበኞቿ አስታወሷት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገበሬዎች ነበሩ። ከመስታወቱ ሥር፣ ለክብር እንግዳ ባሰናዳችው ቦታ አስቀመጠቻቸው። ምግቡ ሲቀርብ አንደኛው ብድግ አለና ጋቢውን በሁለት እጁ ዘርግቶ መስታወቱን ጋረደ። ባልንጀራው በላ። ከዚያ ተቀያየሩ። ለሁለተኛው የደረሰው ሽሮ ቀዝቅዞ ነበር። ቀድሞ ዞር ብሎ ያላያቸው መንገደኛም ጋቢው ሲዘረጋ ምን ተፈጠረ ብሎ ከውጭ ቆሞ ይጠብቅ ጀመር።

ዋናው ጣጣ ግን ቡዳ አልነበረም። ረቡዕና ዓርብ ነበር። በነዚህ ቀናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል። የከተማችን ጨጓራ ደግሞ በነዚሁ ቀናት ይብስበታል፤ ለምን እንደሆነ ያጠና ሐኪም የለም። በእናታችን ጊዜ ከጭቃው ጀርባ ጠበብ ያለች ጓዳ ነበረች። እዚያ የከተማው ታማሚ ሁሉ እኩለ ቀን ላይ ድምፁን አጥፍቶ ይበላ ነበር፤ ጭቃው ሲፈርስ ጓዳዋም አብራ ፈረሰች። ሊያስታርቁን የመጡት ሽማግሌም ከታማሚዎቹ አንዱ ናቸው፤ ለዚህ ነው ስለ መጋረጃው ያን ያህል የተቆረቆሩት። የአባቴ ሕመም ግን የእውነት ነው። ኪኒን ይወስዳሉ፣ የንስሐ አባታቸውም ሰዓቱን ሳይጠብቁ እንዲቀምሱ ፈቅደውላቸዋል። ነገር ግን እሑድ እሑድ ሕዝቡን ስለ ጾም የሚመክሩት እሳቸው ናቸው። ፈቃዱን ከእኛና ከንስሐ አባታቸው በቀር ማንም አያውቅም ነበር፤ እሳቸውም እንዲታወቅ አልፈለጉም።

እህቴ በመጨረሻ ተሸነፈች። ከዘመሮ ገበያ ጨርቅ አስገዝታ ሰቀለች። ጨርቁ ግን አጠረ፤ ከላይ ጀምሮ ጉልበት ድረስ መጣና ቆመ። ቤቱ ሱሪ ያላገኘ ሙሽራ መሰለ። ቢሆንም በማግስቱ ረቡዕ ምግብ ቤቱ ሞላ። ታማሚዎቻችን ተመለሱ፤ ሽማግሌውም፣ አባቴም። እህቴ ከማድ ቤት ስትወጣ ስታንጎራጉር ሰማኋት።

በእኛ ከተማ ግን ሰው ፊቱ ባይታይም ይታወቃል። የማን ላስቲክ ጫማ በሽቦ እንደተሰፋ፣ የማን ከዘራ ጫፉ ብረት እንደሆነ፣ የማን ቆዳ ጫማ ሶሉ በመኪና ጎማ እንደተለበጠ የማያውቅ የለም። ወደ ቅዳሴ የሚወጡ ሴቶች መጋረጃው ጋ ሲደርሱ ቆም ይላሉ፣ ጎንበስ ይላሉ፣ እግሮቹን አንድ በአንድ ያነባሉ፣ ቀና ብለው ነጠላቸውን ያጣፋሉ፣ ይሄዳሉ። ፀሐይ ሳያዘቀዝቅ እያንዳንዱ ጫማ ባለቤቱ ተገኘለት። ደግሞ በባዶ መስታወት ሲታይ ሽሮ የነበረው ምግብ በመጋረጃ ጀርባ ክትፎ ሆነ። የተደበቀ ሰው ሽሮ አይበላማ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ ስለ ጾም ሊመክሩ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሙ። ፊታቸውን ያየ ሰው አልነበረም። ሰዉ ሁሉ ሶሉ በጎማ የተለበጠውን ጫማቸውን ያያል። ጥቂት ተናግረው አቆሙ። ወደ ቤት ስንመለስ ምክሩ ለምን እንዳጠረ አልጠየቅኋቸውም፤ የምቀልድበት ነገር ያጣሁት ያን ዕለት ነው።

በሚቀጥለው ረቡዕ የመጣ ደንበኛ አባቴ ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ታማሚዎች በአንድ ሳምንት ድነዋል። አባቴ ሆዳቸውን ይዘው ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከእኔ ፊት ለፊት ተቀመጡ። እህቴ ሽሮውን አቀረበች፣ ወንበር ላይ ወጣች፣ መጋረጃውን ነቅላ አወረደችው። ቤቱ በአንዴ በራ።

«ምነው?» አሉ አባቴ።

«ሽሮ መሆኑን ሰዎቹ ይዩታ። አባባ፣ ታመው ነው፣ የንስሐ አባትዎም ብሉ ብለውዎታል። ሰርቀው አይደለም የሚበሉት። እርስዎ እዚህ በግልጽ ከተቀመጡ ሌላውም ይቀመጣል። ካልተቀመጡ ግን እኔም ተነሥቼ መሄዴ ነው።»

አባቴ እንጀራውን ቆረሱ። ሁለት ሴቶች ወደ ቅዳሴ ሲያልፉ ቆሙ። አንዷ ለማየት እንዲመቻት እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ መስታወቱን ተጠጋች። የአባቴ እጅ ከሳህኑና ከአፋቸው መካከል ቀረ።

«እግዜር እንደሆነ ያውቃል» አለች እህቴ፣ ቀስ ብላ።

«እግዜርማ አይቶ ዝም ይላል። ሰው ነው ዝም የማይለው።»

ጉርሻውን መልሰው ሳህኑ ላይ አኖሩት። እህቴ የተጨማደደውን መጋረጃ በእጇ እንደያዘች ነበር። እንግዲያው ጭቃውን ያስመርጉት፣ እኔም ዕቃዬን ልሰብስብ አለቻቸው። አልተቆጣችም፤ ደክሟት ነበር።

አባቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ። «አላስመርግም» አሉ። «ቤቱን ሰጥቼሻለሁ፤ እንደወደድሽው ይሁንልሽ። እኔ ግን ከእንግዲህ እቤቴ ነው የምበላው።»

«እቤትዎ ማን አለና?»

«ቆሎ አለ።»

ለዚያ ጨጓራ ቆሎ ምን እንደሚያደርገው ሦስታችንም እናውቃለን። ሴቶቹ ገና አልሄዱም ነበርና አባቴ በፊት ለፊት አልወጡም። በማድ ቤቱ አልፈው በጓሮ በኩል ሄዱ፤ የጓሮው የእንጨት በርም ከኋላቸው ተዘጋ።