በስብሰባ መሃል አልዘጋ ያለው አፌ

አሶሳ በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት መንጋጭላዬ ድምፅ ማሰማት ጀመረ። በጎረስኩ ቁጥር ከቀኝ ጆሮዬ ሥር «ቀጭ» ይላል። መጀመሪያ እኔ ብቻ የምሰማው መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ግን በመምህራን ክበብ ምሳ ስንበላ አብሮኝ የቀረበው የፊዚክስ መምህር ማላመጡን አቆመና፣

«ድንጋይ አገኘሽ እንዴ?» አለኝ።

«አይ፣ መንጋጭላዬ ነው» ብዬ ሌላ ጎረስኩ። ደግሞ «ቀጭ» አለ። እሱ ግን አላመነኝም። ሽሮውን በእንጀራ እየገለጠ ድንጋይ ሲፈልግ ምሳ ሰዓታችን አለቀ።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህርት ነኝ። የተወለድኩት ደብረ ብርሃን ነው፤ ሥራ ያገኘሁት አሶሳ። ድምፁ ብቻ ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር። ግን እየዋለ እያደረ ሕመም ተከተለው። ጠዋት ስነሳ ግራና ቀኝ ጆሮ ግንዴን ይይዘኛል፤ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ አስተምሬ እስክወጣ ግንባሬ ድረስ ይወጣል። ጆሮዬ ነው ብዬ ፋርማሲ ሄድኩና ጠብታ ገዛሁ። ጠብታው ጆሮዬን ከማርጠብ ሌላ ምንም አላደረገም። ለእናቴ ስልክ ደውዬ ብነግራት ሳታስጨርሰኝ፣

«ብርድ ነው» አለችኝ።

«እማዬ፣ እዚህ እኮ ሰው በሸሚዝ ሆኖ በላብ የሚጠመቅበት አገር ነው። ምን ብርድ አለ?»

«ከዚህ ይዘሽው ሄደሽ ይሆናላ!»

እናቴ ለሕመም ሁሉ ሁለት ነገር ታዛለች። አንደኛው ጤና አዳም ነው፤ ሁለተኛው ጥርስ ነክሶ መቻል። ጤና አዳሙን አጣሁት፤ ሁለተኛውን ግን በሚገባ አደረግሁት። ወደ አንድ ዓመት ገደማ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት።

ጉዱ የመጣው በሚያዝያ ወር፣ ስለ ማጠቃለያ ፈተና በተጠራ ስብሰባ ላይ ነው። ከምሳ በኋላ ነበር። አዳራሹ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ነው፤ ፀሐይዋ ከላይ ትጠብሰናለች፤ ርዕሰ መምህራችን ደግሞ የፈታኞችን ድልድል በተራ ቁጥር እያነበቡ ነው። አሥራ አራት ላይ ሲደርሱ ማዛጋት መጣብኝ። ደብተሬን ፊቴ ላይ ከልዬ ከልቤ አዛጋሁ። ያቺ የለመድኳት «ቀጭ» ተሰማች። ከዚያ አፌን ልዝጋ ብል እምቢ አለኝ።

ደግሜ ሞከርኩ። ምንም። አገጬ ወደ ፊት ወጥቶ እንደ ተከፈተ መሳቢያ ቀረ። ምራቄን መዋጥ አቃተኝ፤ ላብ ጀርባዬ ላይ ወረደ። እጄን አንስቼ ጉንጬን ልይዝ ስል ርዕሰ መምህሩ አዩኝ።

«እሺ ቲቸር፣ አስተያየት አለሽ መሰለኝ።»

«አአ... አአ...» አልኩ።

«ግዴለም፣ ሳትፈሪ ተናገሪ። ድልድሉ ላይ ቅሬታ ካለ እዚሁ ነው መነጋገር ያለብን።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ደብተሩን ከፊቴ አወረድኩት። ከዚያ የፊዚክስ መምህሩ ተነሥቶ፣ «ቅሬታ አይደለም፣ አፏ አልዘጋ ብሏት ነው!» አለ። ግማሹ ሰው ሳቀ፤ ግማሹ ደግሞ «በስመ አብ!» እያለ ከመቀመጫው ተነሣ። እኔም መሳቅ አማረኝ፤ በምን ልሳቅ?

ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ከፊዚክስ መምህሩ ጋር ባጃጅ ውስጥ ገባን። ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ፣

«እህታችን ምን ሆና ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ስታዛጋ መንጋጭላዋ ወጥቶ ነው። ቶሎ በል፣ ጥርስ ሐኪም ጋ!»

ሹፌሩ ትንሽ አሰበ። «ሲናጥ አንዳንዴ ይገባል ይባላል» አለና አስፋልቱን ትቶ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ገባ። ሊረዳኝ ብሎ አንድም ጉድጓድ ሳይዘል ነዳ። በየጉድጓዱ ዞር እያለ፣ «ገባ?» ይለኛል። ራሴን እወዘውዛለሁ። «አይዞሽ፣ ወደፊት አንድ ትልቅ አለ» ይለኛል። ትልቁም አላስገባውም። የፊዚክስ መምህሩ ግን ጭንቅላቱን ከባጃጁ ብረት ጋር አጋጭቶ ግንባሩ አብጦ ደረሰ።

የጥርስ ሐኪሟ ከእኔ በዕድሜም በቁመትም የምታንስ ሴት ናት። ሁለታችንን እያየች መጀመሪያ እሱን፣ «አንተን ምን ነካህ?» አለችው። ነጠላዬን ስገልጥላት ግን በሽተኛዋ ማን እንደሆነች ገባት። አልሳቀችም፤ አልደነገጠችምም።

«አይዞሽ፣ አልተሰበረም። የመንጋጭላሽ መገጣጠሚያ ከቦታው ተንሸራቶ ነው። እመልሰዋለሁ። እዚህ ዝቅ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ በይ፣ እኔ ቁመት የለኝም።»

ሁለት አውራ ጣቶቿን በፋሻ ጠቀለለች። ለምን እንደሆነ በዓይኔ ስጠይቃት፣ «ሲገባ በድንገት ነው የሚገባው፣ እንዳትነክሽኝ ነው» አለች። ከዚያ ጣቶቿን ወደ ኋላ ጥርሶቼ አስገብታ፣ በቀሩት ጣቶቿ አገጬን ይዛ ወደ ታች መጫን ጀመረች። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ትከሻሽን ልቀቂው። አገርሽ የት ነው?» አለችኝ።

በዚህ አፌ እንዴት ልመልስላት እያልኩ ሳስብ ወደ ታች ጫን፣ ወደ ኋላ ገፋ አደረገችው። የሆነ ነገር ሸርተት አለና አፌ ግጥም አለ።

«ደብረ ብርሃን» አልኩ።

የፊዚክስ መምህሩ አጨበጨበ። እኔ እንባዬ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ መጣ። ሐኪሟ አገጬን ከሥር ደግፋ፣ «ቀስ ብለሽ ሳቂ! አሁን ካስገባሁት ገና ደቂቃ አልሞላውም» ብላ ተቆጣችኝ።

በሳምንቱ በቀጠሮ ስመለስ በደንብ መረመረችኝ። ጣቶቿን ከጆሮዎቼ ፊት አድርጋ ክፈቺ፣ ዝጊ አለችኝ። ጥርሶቼን በትንሿ መስታወት አየች።

«ሕመሙ የሚብስብሽ ጠዋት ነው?»

«አዎ። እንዴት አወቅሽ?»

«ጥርስሽ ጫፍ ጫፉ ተበልቷል። ተኝተሽ ታፋጫለሽ ማለት ነው። ቀንም ትነክሺዋለሽ።»

«እኔ? ኧረ ቀንስ አልነክስም!»

«አሁን ራሱ ነክሰሽዋል።»

እውነቷን ነበር። ወንበሩ ላይ ተንጋልዬ፣ ማንም ሳይነካኝ፣ ጥርሴ እንደ በር ተቀርቅሯል። ጥርስና ጥርስ የሚገናኙት ምግብ ሲታኘክ ብቻ እንደሆነ፣ በሌላው ጊዜ ከንፈር ገጠም፣ ጥርስ ደግሞ ለቀቅ ማለት እንዳለበት ያን ዕለት ነው የሰማሁት። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ወደ ቤት ስሄድ መንገዱን ሙሉ ራሴን ሳዳምጥ ሄድኩ። ሞተር ሳይክል ሲያልፍ እነክሳለሁ፤ ያልታረመ የፈተና ወረቀት ትዝ ሲለኝ እነክሳለሁ፤ በየዓመቱ ቅጽ ሞልቼ የማላገኘው የደብረ ብርሃን ዝውውር ትዝ ሲለኝማ ጆሮ ግንዴ ድረስ ይሰማኛል።

ያዘዘችልኝ ነገር ብዙ ነው። ቆሎ የለም፤ ማስቲካ የለም፤ የተጠበሰ በቆሎ ጭራሽ አይታሰብም። ጠዋትና ማታ በሞቀ ፎጣ መያዝ። ሲያዛጉ አገጭን በቡጢ ከሥር መደገፍ። ደግሞም ተኝቼ እንዳላፋጭ የላይ ጥርሴ ላይ የሚጠለቅ መከላከያ ይሠራልኛል። ለእሱ ልክ ስትወስድ እንደ በሶ የተለወሰ፣ ናና ናና የሚሸት ነገር በብረት ቅርጽ ሞልታ አፌ ውስጥ ከተተችው። እስኪደርቅ በአፍንጫዬ እየተነፈስኩ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ልኩ አዲስ አበባ ተልኮ፣ እዚያ ተሠርቶ እስኪመለስ፣ የሚታኘክ ሳልበላ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነበረብኝ።

ያ ሦስት ሳምንት ነው ከጎረቤቴ ጋር ያቀራረበኝ። አጥር የምንጋራ የበርታ ሴት ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ «ኻልቲ» ይላታል፣ አክስቴ እንደማለት። ሦስት ዓመት ሙሉ በአጥር ላይ «ደህና አደርሽ?» ከመባባል ሌላ ቤቷ ገብቼ አላውቅም ነበር። የስብሰባው ወሬ ሰፈር ደርሶ ኖሮ፣ ልክ በተወሰደልኝ ማግስት ሳህን በሳህን ከድና መጣች።

«አንተ፣ አፍህ ተበላሸ አሉ» አለችኝ። ኻልቲ በአማርኛዋ ወንድም ሴትም አንድ ነው፤ ሁላችንም «አንተ» ነን።

«ተመልሷል፣ ኻልቲ። ማኘክ ብቻ ነው የተከለከልኩት።»

«ኢንሻላህ ይድናል። እኔ ማኘክ አላመጣም። ይኸ መዋጥ ብቻ ነው፣ ብላ።»

ስትገልጠው የማሽላ ገንፎ በባምያ ወጥ ነው። እኔ የገብስ አገር ልጅ ነኝ፤ የሚሙለጨለጭ ወጥ አይቼም አላውቅ። መጀመሪያ በማንኪያ ጫፍ ቀመስኩ፤ ጉሮሮዬን ሳላዝዘው ራሱ ወረደ። እውነት ለመናገር የታመመ አፍ ከዚህ የተሻለ ምግብ አያገኝም። ሳህኑን ጠርጌ በላሁ። የመምህርነት ነገር አልለቅ ብሎኝ፣

«ኻልቲ፣ ለሴት ሲሆን እኮ 'ብላ' ሳይሆን 'ብዪ' ነው የሚባለው» አልኳት።

«አፍህ ታሞ እንኳ ታስተምራለህ? ብላ!»

ከዚያ በኋላ አላረምኳትም። ደግሞም የማንጎ ወቅት ገብቶ ስለነበር ከገንፎው ጋር ማንጎ ታስከትልልኛለች። እኔ ደግሞ በሷ ቋንቋ ምስጋና ለማቅረብ እሞክራለሁ። ስትስቅ መሬት ላይ ቁጭ እስክትል ነው። ሦስት ሳምንት ማኘክ ተከልክዬ ሁለት ኪሎ ጨመርኩ።

መከላከያው መጣ። እንደ መስታወት ጠርቶ የሚያሳይ፣ በጥርሴ ልክ የተሠራ ላስቲክ ነገር ነው። ሐኪሟ ሰማያዊ ወረቀት አስነክሳኝ ከፍ ያለበትን እየፋቀች አስተካከለችው። «ዋናው ስትተኚ ነው፤ እስክትለምጂው ግን ቀንም ለአንድ ሰዓት ያህል አድርጊው» አለችኝ። እኔም ታዛዥ ነኝ፤ በእረፍት ሰዓት አደረግሁት። ደወሉ ሲደወል ረሳሁት። ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ ቃል ማስጻፍ ጀመርኩ። ሦስት ቃል እንዳስጻፍኩ ከኋላ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ 'ሸማይ' ምን ማለት ነው?»

«ሸማይ ነዋ! ከላያችን ያለው ሸማይ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዞር ብዬ መከላከያውን አወጣሁትና በመሀረብ ጠቀለልኩት። ከዚያ ዞሬ በአፌ ሳይሆን በእጄ ወደ ሰማይ አሳየኋቸው። የዚያን ቀን ደብተር ሳርም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «ሸማይ»፣ «ሸኞ» እና «ሸንበሌጥ» ብለው ጽፈው አገኘሁ። ለሁሉም ሙሉ ማርክ ሰጠሁ፤ የሰሙትን ነው የጻፉት።

ሁለት ወር ሲሞላኝ ጠዋት ጠዋት የሚይዘኝ ሕመም የለም። ድምፁ አልፎ አልፎ አለ። ሐኪሟ፣ «ካላመመሽ ድምፅ ብቻውን በሽታ አይደለም፣ ተዪው» አለችኝ። የዝውውር ቅጹን በዚያም ዓመት ሞላሁ፤ በዚያም ዓመት አላገኘሁም። የተዛዋሪዎች ዝርዝር ላይ ስሜን አጥቼ ስመለስ ምላሴን በጥርሶቼ መሃል አድርጌ እንዳልነክስ እየተጠነቀቅሁ ኻልቲ ቤት ገባሁ። ምን እንደሆንኩ ሳትጠይቀኝ ሳህን አቀረበችልኝ።

ነሐሴ ላይ የኻልቲ ታላቅ ወንድም ከሆሞሻ መጣ። በድንበር በኩል ትንሽ ትንሽ የሚነግድ፣ ረጅም፣ ነጭ ጀለቢያ የሚለብስ ሰው ነው። ጉንጩን ይዟል።

«ጆሮው ነው ይላል» አለችኝ ኻልቲ። «ጠብታ አደረገ፣ አደረገ፣ ጆሮው ኩሬ ሆነ።»

ጠብታ ሲባል ልቤ ዘለለ። ይኼማ የእኔ በሽታ ነው! ጣቴን ከጆሮው ፊት አስቀምጬ፣ «ይክፈቱ፣ ይዝጉ» አልኩት። «ቀጭ» አለ። ኻልቲም ሰምታ «ወላሂ!» ብላ ጮኸች። ጥርስና ጥርስ ለቀቅ ማለት እንዳለበት፣ ስለ ፎጣው፣ ስለ ሰማያዊው ወረቀት ሁሉንም ተነተንኩለት፤ ኻልቲ ትተረጉማለች፣ እሱ በአክብሮት ራሱን ይነቀንቃል። በማግስቱ ሦስታችን በአንድ ባጃጅ ክሊኒክ ሄድን።

ሐኪሟ ስታየኝ፣ «ደግሞ አዛጋሽ?» አለች።

«አይ፣ በሽተኛ ይዤልሽ መጥቻለሁ። መገጣጠሚያው ነው፣ መርምሬዋለሁ።»

«እሺ፣ ዶክተር» ብላ ሰውየውን ወንበሩ ላይ አስተኛችው። መስታወቷን አስገባች፤ ዞር ዞር አድርጋ አየች፤ ከዚያ በብረቷ ጫፍ አንዱን የኋላ ጥርስ ቀስ ብላ መታችው። ያ ሁሉ ቁመት ከወንበሩ ላይ ተፈናጠረ።

«መገጣጠሚያው ደህና ነው» አለች ሐኪሟ ወደ እኔ እያየች። «ጥርሱ ነው፣ እስከ ሥሩ ተቦርቡሯል። ሕመሙ ወደ ጆሮ እየሄደበት ነው።»

ኻልቲ ይህንን ለወንድሟ ተረጎመችለት። እሱ የታመመውን ጉንጩን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ፤ ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እያመመው ይስቅ ነበር። ኻልቲም እየሳቀች ክንዴን መታ አደረገችኝ።

«አንተ» አለችኝ፣ «አማርኛ ብቻ አስተምር!»