በአንድ ማዳመጫ ለሁለት

ታላቅ እህቴና ቀጭኔ ዘጠኝ ዓመት አንድ ኤምፒ ስሪ የሙዚቃ ማጫወቻ ተካፍለው ሸሚዝ ሰፍተዋል። ቀጭኔ ያልናት ለቁመቷ ነው፤ እሷ በተራዋ እህቴን «ጉርዷ» ትላታለች። ኤምፒ ስሪዋ የክብሪት ቀፎ የምታክል፣ ጀርባዋ በፕላስተር የተጠገነ ነበረች። የማዳመጫው አንዱ ጫፍ በእህቴ ግራ ጆሮ፣ ሌላው በቀጭኔ ቀኝ ጆሮ ይገባል። ሽቦው አጭር ስለሆነ ስፌት መኪናዎቻቸውን አጠጋግተው ነበር። ቀጭኔ አንዱን እጅጌ ገጥማ ሸሚዙን ታቀብላለች፣ እህቴ ሌላውን ትገጥማለች። አንዷ ሳትናገር ከተነሳች የሌላዋ ጆሮ ይጎተታል።

«ኧረ ቀስ! ጆሮዬን ይዘሽ ልትሄጂ ነው?»

«ሽንቴ መጣ፣ ምን ላድርግ? ከነጆሮሽ ነይ!»

እኔ ከኋላቸው ቁልፍ እየተከልኩ ስቃቸውን እሰማለሁ።

ኤምፒ ስሪዋ ባትሪ አልይዝ ስትል ለእህቴ ስማርት ስልክ የገዛሁላት እኔው ነኝ፣ ሽቦ ከሌለው ማዳመጫ ጋር። መጀመሪያ አንዱን ለቀጭኔ ሰጠቻት። ከጆሮዋ እየወደቀ አስቸገራት።

«ተይው እቴ፣ የእኔ ጆሮ ሽቦ ለምዷል» ብላ መለሰችላት።

ከዚያ ወዲያ እህቴ ሁለቱንም ጆሮዋን ደፍና መስፋት ጀመረች። ወንበሮቹም ቀስ በቀስ ተራራቁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቀጭኔ መኪናዋን አቁማ ወደ እህቴ ዞረች።

«ጉርዷ፣ እናቴ ታማብኛለች። ላስታምማት ልሄድ ነው። ከቅዳሜ በኋላ የለሁም።»

እህቴ ቀና ሳትል ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ክር የጠየቀቻት መስሏት አንድ ጥቅል ገፋ አደረገችላት። ቀጭኔ ክሩን ትንሽ አየችውና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

እኔ ሰምቻለሁ። ተነስቼ የእህቴን ትከሻ መንካት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። በሰው ጉዳይ ምን አገባኝ፣ ራሷ ደግማ ትነግራታለች ብዬ ተውኩት። አልነገረቻትም።

ሰኞ እህቴ ባዶውን ወንበር አይታ ወደ እኔ ዞረች።

«ቀጭኔ ምን ሆና ቀረች?»

ነገርኳት። ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወጣችው።

«እኔ ምን አልኳት?»

«ክር ሰጠሻት።»

እዚያው ቆማ ደወለች። ቀጭኔ አነሳች፤ እናቷ ትንሽ እንደተሻላት፣ መንገዱም ደህና እንደነበር ነገረቻት። ቅር ስለመሰኘቷ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ብቻ ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ እህቴን የጠራቻት በስሟ ነበር።

«ጉርዷ አላለችኝም» አለችኝ እህቴ፣ ስልኩን እንደያዘች።