የማቴይ ጉልበት

የጡንቻ ቅባት ሽታ ባፍንጫዬ ባለፈ ቁጥር ልቤ ይከብዳል። ትራም ውስጥም ይሁን ጂም ደጃፍ፣ ያ የሚያቃጥል ጠረን ሲመጣ ሜልበርን፣ ካርልተን ሰፈር የነበረው ጠባቡ ሳሎናችን፣ እዚያም ውስጥ ጭንቅላቱ ከኮርኒሱ ሊጋጭ ጥቂት የሚቀረው አንድ ረጅም ፈረንጅ ድቅን ይልብኛል። ማቴይ ይባል ነበር፤ ጉልበቱ ሁልጊዜ ያንን ቅባት ይሸት ነበር። የስሎቬኒያ ሰው ነው፤ ሥራው ቅርጫት ኳስ። እኔ ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ስሎቬኒያ የምትባል አገር መኖሯንም ያወቅሁት በእሱ ነው።

ወደ ቤታችን ያመጣው አባዬ ነው። አባዬ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ አንድ ቀን ከልምምድ የወጣ ተሳፋሪ እግሩን ማጠፍ ቢያቅተው የፊተኛውን ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፍቶለት ወሰደው። በማግስቱ ሰውየው ራሱ ደወለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ደንበኛ ሆነ፣ ቆይቶም እራት የሚጠራ ዘመድ ሆነ። የእማዬን ሽሮ ላቡ በግንባሩ እየወረደ ሙልጭ አድርጎ ይበላ ነበር። አባዬ «ጋሼ በሉት» ብሎ ስላዘዘን ጋሼ ማቴይ እንለዋለን፤ እሱም የክብር ስም መሆኑ ሳይገባው ስልክ ሲደውል «ጋሼ ማቴይ ነኝ» ይል ነበር። እማዬ ስልኩን ይዛ በሳቅ ትንፈቀፈቅ ነበር።

ከእራት በኋላ ሕይወቱን ያጫውተናል። ያደገው ተራራ ሥር ባለች ትንሽ ከተማ ነው፤ አባቱ የወረቀት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። በረዶ ሲጥል የትምህርት ቤቱን አዳራሽ ቁልፍ ከዘበኛው ለምኖ ብቻውን ሲወረውር ይውል ነበር። ገና ጢም ሳያበቅል የአገሩ ዋና ከተማ ሉብሊያና ያለ ትልቅ ክለብ ወሰደው። ከዚያ ጣሊያን፣ ከዚያ ቱርክ፣ ከዚያ ግሪክ፤ አንዱ ክለብ ደመወዝ መክፈል ሲያቅተው ወደ ሌላው እየዞረ ወጣትነቱን ጨርሶ ሜልበርን ደረሰ። ለአገሩ ብሔራዊ ቡድን የተጠራው አንዴ ብቻ ነው፣ ያኔም ጉልበቱ ከለከለው። ሱሪውን ሰብስቦ ጠባሳዎቹን በጣቱ እየነካ «ይሄ ቱርክ ነው፣ ይሄ ግሪክ» ሲለን እንስቅ ነበር። ልጅ አይደለን፣ የሚያስቅ ነገር መስሎን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የመኖሪያ ሕንጻዎቻችን መሀል ባለው ሜዳ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ሰብስቦ ያስወረውረናል። ከየመስኮቱ የሚጠበስ ሽንኩርት ይሸታል፣ አስፋልቱ ገና ከሌሊቱ ዝናብ አልደረቀም፣ የቅርጫቱ ሰንሰለት ኳስ ሲገባበት ይንሿሿል። ሁላችንም በክንዳችን እንታገል ነበር። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ጉልበታችንን መታ መታ ያደርግና ኳስ የሚወረወረው ከዚህ ነው ይለናል። የመጀመሪያዋን ኳስ ያገባሁ ቀን ትከሻው ላይ አውጥቶ ሜዳውን ሲያዞረኝ ሜልበርን በሙሉ ከእግሬ ሥር ያለች ነበር የመሰለኝ።

በዚያው ዓመት ጉልበቱ አብጦ አልጎድል አለ። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ተደርገህ እስከ ውድድሩ መጨረሻ ታርፋለህ አለው። ክለቡ ደግሞ ቀሪዎቹን ጨዋታዎች ካልተጫወትክ ኮንትራትህ አይታደስም አለው። ቪዛው የተንጠለጠለው በኮንትራቱ ላይ ነው፣ ዕድሜው ደግሞ ከእንግዲህ ሌላ ክለብ የሚያስገኝ አልነበረም። ይህን የነገረን እራት ላይ ነው፣ ሳህኑን ሳይነካ። አባዬ ሰማውና «ረቡዕ ና» አለው።

ረቡዕ እኛ ቤት የጸሎት ሕብረት ነበር። ማቴይ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፣ ሰው ሁሉ ከበበው። እትዬ ብርቄ የሚባሉ፣ በጸሎታቸው የሚታወቁ እናት ጉልበቱን ዘይት ቀቡና ከአባዬ ጋር እጃቸውን ጫኑ። የሳሎኑ አየር በሙቀትና በእንባ ታፈነ። በመጨረሻ እትዬ ብርቄ ወደ አባዬ ዞረው «በኢየሱስ ስም ተነስና ዝለል በለው!» አሉ። አባዬ ተረጎመ። ማቴይ ተነሳ፣ ዘለለ፣ መዳፉ ኮርኒሱን ጧ አደረገው። ደግሞ ዘለለ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ፣ ጎረቤት ከታች ኮርኒሱን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበብን፣ ማን ሰምቶት! ማቴይ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አባዬን እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁትም።

በእኛ ዘንድ የተፈወሰ ሰው ይመሰክራል። ከመሰከረ በኋላ ደግሞ «አመመኝ» ማለት ፈውሱን መካድ ነው፤ ይህን ማንም ጽፎ አልሰጠንም፣ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። እሑድ ፉትስክሬይ ሰፈር በሚገኘው የጸሎት አዳራሽ ማቴይ መድረክ ላይ ወጣ፣ አባዬም ጎኑ ቆሞ ተረጎመለት። ኦፕራሲዮኑን እንደሰረዘ ሲናገር ጉባኤው በአንድ ድምፅ አሜን አለ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቅዳሜ ቀድሜ ሜዳ ወረድኩ። ማቴይ አግዳሚው ላይ ብቻውን ተቀምጦ ጉልበቱን በሁለት እጁ ጭምቅ አድርጎ ይዟል፣ ዓይኑ ተጨፍኗል። እኔን ሲያይ ብድግ ብሎ ፈገግ አለ። ማታ ለአባዬ ነገርኩት። «ዳድ፣ ሂ ኢዝ ስቲል ኸርቲንግ! አሁንም ያመዋል፣ አየሁት እኮ!»

«አፍሽን ዝጊ፤ ይሄ የጠላት ድምፅ ነው» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

ከቀሩት ጨዋታዎች ለአንዱ ማቴይ ቲኬት ሰጠን። ነጠላ የለበሱ የሕብረቱ እናቶች አንድ ረድፍ ሞልተው ተቀመጡ፣ ባገባ ቁጥር ሃሌ ሉያ ይላሉ፣ ፈረንጆቹ እየዞሩ ያዩናል። ጥሩ ሲጫወት ቆየ። ከእረፍት በኋላ ግን ኳስ ሊያገባ ዘሎ ሲያርፍ እግሩ ከሥሩ ሸሸው። ወለሉን በመዳፉ ሲደበድብና ሲጮህ እስከ እኛ ድረስ ይሰማል። እናቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ለጸሎት የተነሱት የአባዬ እጆች እዚያው አየር ላይ ቀሩ፤ እማዬ ናት ይዛ ያወረደችለት።

አባዬ ማቴይን ሊጠይቅ ሆስፒታል ሲሄድ አብሬው ነበርኩ። አባዬ ይቅርታ ሊል ወደ አልጋው ጎንበስ አለ። ማቴይ እጁን ያዘውና «የዚያን ቀን ሳሎናችሁ ውስጥ ስዘል ግን በእውነት አላመመኝም ነበር» አለው። ቢሰድበው ይሻል ነበር። የሕብረቱ ሽማግሌዎች ኋላ ተሰብስበው የማቴይ እምነት ሙሉ አልነበረም አሉ፣ ነገሩም በዚያው ተዘጋ። ማቴይ ከዚያ ወዲያ ኳስ አልተጫወተም። ኤርፖርት ያደረሰው አባዬ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባዬ በማንም ላይ እጁን ጭኖ አያውቅም።

አሁን ከከተማው ዳር፣ ዋይንድሃም ቬል ነን። የዛሬው ሳሎናችን ሰፊ ነው፣ የሚሞላው ሰው ግን የለም። የዚያን ዘመን ሰዎች እንደኛው ራቅ ራቅ ወዳሉ አዳዲስ ሰፈሮች ተበትነዋል፤ «እየጸለይን ነው» የሚል ቴክስት ይልኩልናል። እትዬ ብርቄ አርፈዋል። አባዬ ኩላሊቱ ደክሞ ዲያሊሲስ ላይ ነው፣ ሆስፒታል እያመላለስኩት ያለሁት እኔ ነኝ። ያኔ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ የማይለመን ነገር አልነበረም፤ ዛሬ እኔም እሱም ምንም አንለምንም። ይህ ከሕመሙ ይበልጥ ያስፈራኛል።

ባለፈው ሳምንት ወደ ሆስፒታል ስንሄድ መኪና ውስጥ ያለወትሮው ስለ ማቴይ አነሳ፤ «ያ ልጅ ጉልበቱ እንዴት ሆኖ ይሆን?» አለኝ። እኔ ኢንተርኔት ላይ አግኝቼ አይቼዋለሁ። ባደገበት ከተማ አዳራሽ ውስጥ፣ ከዘራውን አጠገቡ አስደግፎ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ልጆች ያሠለጥናል።

«ደህና ነው አሉ፣ አባዬ። ልጆች ያሠለጥናል፣ አብሯቸው ይሮጣል» አልኩት።

አባዬ ፊቱን ወደ መኪናው መስኮት አዞረ።

«እሱም ያኔ ከጸሎቱ በኋላ በታክሲ ሳደርሰው፣ ደህና ነኝ ነበር የሚለኝ» አለ። «ሲወርድ ግን የመኪናውን በር ይዞ ነበር የሚቆመው። እኔም እያየሁት ነበር።»